ቺንጋውን ያሰርኩት እኔ አይደለሁም

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፤

እማዬ፣ እንደምን ከረምሽልኝ? ጉልበትሽስ ደረጃውን ያስወጣሽ ጀመር? ያ ሳል ለቀቀሽ ወይ? አባዬስ፣ የቤቱ ሰው ሁሉስ እንዴት ነው? እኔ ከወገቤ ቁርጥማት በቀር ደህና ነኝ፤ ከናፍቆታችሁ ሌላ የጎደለብኝ የለም።

«ሞተር አበላሽታ ከጋራዥ ተባረረች» ሲባል ሰምተሽ እንዳለቀስሽ እህቴ ነገረችኝ። «ይቅርታ ጠይቃ ትመለስ» ማለትሽንም ሰማሁ። በስልክ ብጀምረው እያለቀስሽ አታስጨርሺኝምና ይኸው ጻፍኩልሽ። መባረሬ እውነት ነው። ሌላው ውሸት ነው።

አንድ የዳቦ አከፋፋይ ሹፌር መኪናውን ቺንጋ ሊያስቀይር አመጣ። ቺንጋ የምንለው የሞተሩን ላይና ታች እኩል የሚያሽከረክር ባለ ጥርስ የጎማ ቀበቶ ነው፤ ምልክቱ ላይ ካልገጠመ ቫልቭና ፒስተን ይላተማሉ። ያሰረው የመካኒኮቹ አለቃ ነው። ስልኩን በጆሮውና በትከሻው መሃል ወትፎ፣ ቤቱን ከሚቀባለት ሰው ጋር ስለ ቀለም እየተጨቃጨቀ አሰረው። ቁልፉ ሲዞር ሞተሩ ቀጭ፣ ቋ ብሎ ጸጥ አለ። አለቃው ዙሪያውን ገልመጥ ገልመጥ አደረገና ቺንጋውን አስተካክሎ ክዳኑን ከደነው። ሞተሩ ተነሣ፤ ግን ወባ እንደያዘው ሰው ይንዘፈዘፋል። ሹፌሩን «ሞተርህ አርጅቷል፣ ቻለው» ብሎ ሸኘው።

ሹፌሩ በማግስቱ እየተንገጫገጨ ተመለሰ። ዳገት አልወጣለት ብሎ ዳቦው መንገድ ላይ ደርቆበታል። አለቃው እዚያው እፊቴ «ያሰረችው እሷ ናት» አይል መሰለሽ! እማዬ፣ ደሜ ፈላ። «ያሰረችው እሷ ናት ካልክ የማየውም እኔ ነኝ» አልኩና ኮፈኑን ከፈትኩ።

ነዳጁን የሚለኩሱትን ካንዴላዎች ፈትቼ የእያንዳንዱን ሲሊንደር ግፊት ለካሁ። አንደኛው ላይ የመለኪያው መርፌ ንቅንቅ አላለም። አለቃው «የፒስተኑ ቀለበት አልቋል፤ እርጅና ነው አላልኩም?» አለ። ፒስተኑን ወደ ላይ አምጥቼ፣ ሁለቱም ቫልቮች መዘጋት ባለባቸው ቦታ ላይ፣ በካንዴላው ቀዳዳ አየር ነፋሁበት። ሹፌሩን «ና፣ አንተው አዳምጥ» አልኩት። ያለቀው ቀለበቱ ቢሆን ኖሮ አየሩ በዘይት መሙያው ይወጣ ነበር፤ እዚያ ጭጭ ነው። ጆሮውን ወደ ጭስ ማውጫው ሲያስጠጋ «ኧረ እዚህ ያፏጫል!» አለ። ቫልቩ ተጣሞ መዝጋት አቅቶታል ማለት ነው። ቴስታታውን፣ ማለት የሞተሩን ራስ፣ አወረድኩት። ቫልቮቹ ጎብጠዋል፤ የፒስተኑ አናት ላይ ጥቀርሻ እንኳ ያልያዘው አዲስ ጠባሳ ያብረቀርቃል።

ያኔ እዚያው ጥግ ብረት የሚበይደው የጋራዡ በያጅ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መጣ። «ዓይኔን ብየዳ ቢያደክመውም ጆሮዬ ደህና ነው። ስለ ቀለም እያወራህ ያሰርከው አንተ ነህ» አለው። አለቃው ትን አለው።

ባለ ጋራዡ ለብቻዬ ጠራኝ። «እውነትሽን ነው፤ ግን እሱ የእህቴ ባል ነው። አንቺ ይቅርታ በይና ነገሩ ይብረድ» አለኝ። «ያላጠፋሁትን አጠፋሁ ብዬ ነገ በምን ዓይኔ ሞተር እከፍታለሁ?» አልኩት። «እንግዲያው በሩ ያውልሽ» አለኝ። ቱታውን አውልቄ ጠረጴዛው ላይ ተውኩለት። የመፍቻ ሳጥኑ ግን የራሴ ነው፤ አንጠልጥዬው ወጣሁ።

ሹፌሩ መኪናውን አስጎትቶ ተከተለኝ። በያጁም ቤቱ ደጅ ያለችውን የቆርቆሮ ዳስ ለቀቀልኝ። ቴስታታውን ብረት በማሽን በሚሞርዱበት ቶርኖ ቤት አስተካክዬ፣ አዳዲሶቹን ቫልቮች መቀመጫቸው ላይ እያሸሁ ገጠምኩ። ቺንጋውን ምልክት ከምልክት አግጥሜ፣ ቁልፉን ከመንካቴ በፊት ሞተሩን በእጄ አዞርኩት፤ ምንም ከምንም አልተነካካም። ከዚያ አስነሣሁት። ድምፁን በሰማሽው! ሹፌሩ ይቀፈኝ አይቀፈኝ ጨንቆት የመኪናውን ጣሪያ መታ መታ አደረገ።

አሁን የምሠራው እዚያች ዳስ ውስጥ ነው። «መካኒኩ የታለ?» የሚሉኝ አሉ፤ «እፊትህ የቆመችው ማን ናት?» እላለሁ። ባለ ጋራዡ ሰው ልኮ ነበር፤ ይቅርታዬን አሁንም ይጠብቃል አሉ። ይጠብቅ! አልጠይቅም፤ አልመለስም። አንቺም እማዬ፣ «ልጅሽ ተባረረች ወይ?» ሲሉሽ አንገትሽን ደፍተሽ አትለፊ። «አዎ፣ አልዋሽም ስላለች» በያቸው።

አባዬን ጉንጩን ሳሚልኝ፤ የውሃ ፓምፑን ልፍታው ብሎ እንዳይነካካ፣ ስመጣ አየዋለሁ። እህቴን ወሬ ስላደረሰችኝ አመስግኚልኝ። ታላቅ ወንድሜን ከነሚስቱ፣ ሕፃኗንም ከነጥርሷ ሳሚልኝ።

መካኒኳ ልጅሽ

ከበያጁ ደጅ፣ ከዳሷ ሥር
እሑድ ጠዋት፣ ወር በገባ በሦስተኛው ቀን