ለጋሼ ሳህሌ እጅ የሚሆን ሪል

«ቪዛው ወጥቷል፤ ግን አልመጣም። ዓሣ ይዞ መልሶ የሚለቅ ሰው ዘንድ መጥቼ ምን እሠራለሁ? ያንን መጫወቻህን ለሌላ ሰው ምረጥለት። እኔ እዚህ ሥራ አለኝ።»

ይድረስ ለተከበሩት ወንድሜ ለጋሼ ሳህሌ። ከላይ የገለበጥሁት ባለፈው ማክሰኞ በልጅዎ በሳሮን ስልክ የላኩልኝ ቃል ነው፤ አንዲት ፊደል አልጨመርሁም፣ አልቀነስሁም። ቢሆንም ተቆጣሁ ብዬ ሰላምታ አልዘልም፤ እንደዚያ አድርገው አላሳደጉኝም። ለመሆኑ እንዴት ሰነበቱልኝ? ወገብዎ ቀና አለልዎ? ዓይንዎስ እንባ ማፍሰሱን ተወ? ባለቤትዎ እትዬ ገንዘብ ጉልበታቸው ተሻላቸው? የዝዋይ ሐይቅ ዘንድሮ ሞላ ወይስ ሸሸ? እኔ በጤናዬ ደኅና ነኝ። ደኅና ያልሆነውን ቀጥዬ እጽፋለሁ።

መልእክትዎ አራት ዓረፍተ ነገር አለው። ከአራቱ ስለ ራስዎ እውነቱን የሚናገር አንድም የለም። ስለዚህ በየተራ ልመልስ።

ዓሣ ይዤ መልሼ መልቀቄ እውነት ነው። ለምን ብለው ግን ጠይቀውኝ አያውቁም። እዚህ የማጠምደው ባስ የሚባል ዓሣ ነው፤ ትልልቁ ሦስት ኪሎ ይደርሳል። ቤት ባመጣው ማን ይበላዋል? ከልጄ ከኖላዊት እናት ጋር ከተለያየን ስንት ዓመታችን ነው። ኖላዊት ራሷ ሬድመንድ ከተማ ነው ሥራዋም ቤቷም፤ እሑድ ብቅ ስትል በአማርኛ እጠይቃታለሁ፣ በእንግሊዝኛ ትመልስልኛለች፣ ሻይዋ ሳይበርድ «ኦኬ አባ፣ ልሂድ» ትላለች። አብሮኝ የሚያጠምድም የሚበላም ወዳጄ ከማል ነበር፤ እሱም ባለፈው ነሐሴ ቴክሳስ ልጁ ዘንድ ገባ። ጀልባዬ ሁለት ወንበር ነው ያላት። በፊተኛው ላይ አሁን የዕቃ ሣጥን አስቀምጣለሁ፣ ሚዛኗን እንዲጠብቅልኝ። የሚበላው ሰው ቢኖር ባልለቀቅሁት ነበር።

«መጫወቻ» ያሉትን ደግሞ ከእርስዎ አፍ አልጠብቀውም ነበር። አባታችን ሲሞት እኔ ስድስት ዓመቴ ነበር፣ እርስዎ አሥራ ስምንት። መረብ እየጎተቱ ዩኒቨርሲቲ ያስገቡኝ እርስዎ ነዎት፤ ሜካኒካል ኢንጂነሪንግ የተማርሁት እርስዎ በሸጡት የቆሮሶ ዓሣ ነው። ዛሬ የከተማ አውቶቡስ ብነዳም ማሽንን ከመጫወቻ መለየት አልረሳሁም። በስልክ ደጋግሜ ነግሬዎታለሁ፤ አሁን በጽሑፍ ይያዙት።

ሲመጡ እንዲያጠምዱበት የምመርጥልዎ ሪል ማለት በማጥመጃው ዘንግ ላይ ተቀምጦ ክሩን የሚጠቀልል መዘውር ነው። ትልልቆቹ ባሶች በትል አይታለሉም፤ ትራውት የሚባለውን ዓሣ ነው የሚያሳድዱት። ስለዚህ የምንወረውርላቸው ስዊምቤይት የሚሉትን፣ በትራውት አምሳል የተሠራ፣ ከስንዝር የሚበልጥ፣ ጅራቱን እያወዛወዘ የሚዋኝ ማጥመጃ ነው። ሁለት መቶ ግራም ያህል ይመዝናል። ይህን ቀኑን ሙሉ ሲወረውሩ ቢውሉ የትንሹ ሪል የማርሽ ጥርስ ያልቃል፤ ትልቁ ሪል ደግሞ ራሱ ክንድ ያዝላል። መካከለኛውን፣ ወፍራም ክር አጥግቦ የሚይዘውን መረጥሁ። ከዚያ የፍጥነቱ ነገር አለ። እጀታው አንዴ ሲዞር ክሩ የሚጠቀለልበት ከበሮ ሰባት ጊዜ የሚዞርበት ሪል አለ፤ አምስት ጊዜ የሚዞርበትም አለ። ሰዉ ሁሉ ባለ ሰባቱን ያሞግሳል። እንዲህ ያለ ከባድ ማጥመጃ በእሱ መጎተት ግን ዳገትን በአራተኛ ማርሽ እንደ መውጣት ነው፤ ዓሣውም ቢሆን የሚወደው ዝግ ብሎ የሚያልፈውን ነው። ባለ አምስቱን መረጥሁ። መጨረሻ ላይ እጀታው በግራ በኩል የሆነውን ወሰድሁ፤ በቀኝ እጅዎ ዘንጉን ይዘው፣ በቀኝ አውራ ጣትዎ ከበሮውን እየገቱ ይወረውራሉ፣ በግራዎ ያጠነጥናሉ ብዬ። ሦስት ወር ፈጀብኝ። ለራሴ ቢሆን በአንድ ቀን እጨርሰው ነበር።

ሪሉን ሊንውድ ካለ ሱቅ ይዤ የገባሁት ሰኞ ነው። መልእክትዎ የደረሰኝ በማግስቱ ነው። ተናድጄ ለሳሮን ኮል አደረግሁና አባትሽን ምን በደልሁት ብዬ ጮኽሁባት። እንደገና ስጮኽ ማልቀስ ጀመረች። «አጎቴ፣ እንዳትነግረው። ከጥቅምት ጀምሮ ቀኝ እጁ አልታዘዝ ብሎታል፤ ሐኪሙ ስትሮክ ነው አለ። ከሰው ጋር ማዕድ አይቀርብም። በግራ እጄ እየበላሁ ሰው አገር ሄጄ ልዋረድ ወይ ነው የሚለው» አለችኝ። መረቡንም ለጎረቤት ከሰጡ አራት ወር አልፏል አሉ፤ «ሥራ አለኝ» ያሉት ይሄ ነው። የልጅቷን አደራ በልቻለሁ፤ ቁጣው ለእኔ ይሁን፣ እሷን እንዳይናገሯት።

አምስት ወር ሙሉ! በታኅሣሥ ስለ አውራ ጣትዎ ስጠይቅዎ፣ በየካቲት የእጀታውን ርዝመት ሳማክርዎ፣ «ጥሩ ነው፣ ያልከው ይሁን» ይሉኝ ነበር። እኔ ደግሞ ተስማሙልኝ ብዬ ደስ ይለኝ ነበር። ከባዕድ ይደበቃል፤ ከእኔ ይደበቃል? የስድስት ዓመት ልጅ ሆኜ ወባ ሲይዘኝ ያስመለስሁበትን ጋቢ ያጠቡ ሰው፣ ከእኔ ፊት በግራ እጅ መብላት ውርደት ሆነብዎ?

ደግሞስ ማን ያየኛል ብለው ነው? ጠረጴዛዬ አራት ወንበር አለው፤ ሦስቱ ላይ ልብስ ተከምሯል። አራተኛውም ብዙ አያገለግልም፤ እኔ ራሴ ምድጃው አጠገብ ቆሜ ነው የምበላው። በግራ ቢበሉ፣ በማንኪያ ቢበሉ፣ እኔ ባጎርስዎ፣ የሚያይ ሰው የለም። ይህን ለማጽናናት ብዬ አይደለም የምጽፈው፤ ቤቴ እንዲህ ስለሆነ ነው።

ረቡዕ ሪሉን ወደ ሱቁ መለስሁት። ሻጩ ሽማግሌ ነው፣ ቀልድ ይወዳል፤ ሦስት ወር መርጠህ በሁለት ቀን የምትመልስ፣ ሚስት ስትመርጥ እንዴት ነበርህ አለኝ። እሱንስ ባታነሳብኝ አልሁት። ሐሙስ ዕረፍቴ ነበር። ከማል ሲሄድ የተወልኝ፣ እጀታው በቀኝ የሆነ ባለ አምስት ፍጥነት አሮጌ ሪል አለ። ቀኝ እጄን በፋሻ ጠቀለልሁ፣ አራቱን ጣቶቼን አንድ ላይ አሰርሁና ሌክ ዋሽንግተን ወደሚባለው ሐይቅ ወረድሁ። ዘንጉን በግራ ይዤ ወረወርሁ። አሥር ጊዜ ክሩ ተተበተበብኝ፤ ያልተበጠረ ሱፍ መሰለ። ውሻዋን ይዛ የምታልፍ አንዲት ሴትዮ ቆም ብላ እጅህን ምን ነካው አለችኝ።

«የእኔ አይደለም፣ የወንድሜ ነው» አልኋት።

ውሻዋን ሳብ አድርጋ ራቅ አለች። ለከማል ደውዬ ብነግረው፣ «ደኅና ሰው ነበርህ፤ ብቻህን ጥዬህ ሄጄ ነው» ብሎ ሳቀብኝ፤ ከዚያ ሳቁን ትቶ ስለ እጅዎ ደጋግሞ ጠየቀኝ። በአሥራ አንደኛው ውርወራ ግን ክሩ ሳይተበተብ ሄደ። ግራ አውራ ጣት ይማራል፤ በዚህ ዕድሜም ይማራል። የታሰረው ቀኝ እጄ ደግሞ ጠፍጣፋውን የእጀታ ጭብጥ መያዝ አቃተው፣ አዳለጠው። ጨርቅ ጠቅልዬበት ክብ አድርጌው ብሞክር ግን ዞረልኝ። ባለ አምስቱ ፍጥነት ስለሚቀል አጥብቆ መጨበጥ አያስፈልግም፤ መዳፍ መግፋት ከቻለ ይበቃል። ይህን በእጄ አይቼ፣ ሁለት ሰዓት ቆጥሬ ነው የምጽፍልዎ።

ስለዚህ ዓርብ ዕለት ሻጩን ያንኑ ሪል፣ እጀታው በቀኝ፣ ክንዱ ረዘም ያለ፣ ጭብጡ ክብ የሆነ እንዲያስመጣ አዘዝሁት። ጭብጡ ሁለት መጠን አለው፤ አንዱ ሎሚ ያህላል፣ አንዱ እንቁላል። ሻጩ የትኛው ይሁን ሲለኝ ልገምት አፌን ከፍቼ ተውሁት። አንድ ጊዜ ገምቼ ተሳስቻለሁ። እስከ ሚያዝያ መጨረሻ ይጠብቀኛል።

ለእትዬ ገንዘብ ጉልበታቸውን ስመው ሰላም ይበሉልኝ፤ በዚህ ነገር ከእርስዎ ጋር አብረው ዝም ማለታቸውን ግን አልረሳሁም። ለሳሮን የጮኽሁባትን ይቅር እንድትለኝ ይንገሩልኝ። ልጅዎ ሚኪ መንጃ ፈቃዱን አገኘ ወይ? አግኝቶ እንደሆነ አውሮፕላን ጣቢያ ድረስ የሚያደርስዎ እሱ ነው። መረቡን ለያዙት ጎረቤትም ሰላምታ ያድርሱልኝ፤ በአደራ እንጂ በስጦታ እንዳልሆነ እንዲያውቁት።

ይህን ደብዳቤ የምታደርስልዎ ቢታንያ የምትባል የቤተ ክርስቲያናችን ልጅ ናት። ሚያዝያ 20 ቀን ወደዚህ ትመለሳለች፤ ከዚያ በፊት መጥታ መልስዎን ትወስዳለች። ሁለት ነገር ብቻ በጽሑፍ እፈልጋለሁ። አንደኛ፣ ቀኝ እጅዎ ላይ ሎሚ አስቀምጠው ይሞክሩ፣ እንቁላልም አስቀምጠው ይሞክሩ፤ የትኛው እንደሚቆምልዎ ይጻፉልኝ። ሁለተኛ፣ የሚመጡበትን ቀን። ለሳሮን እየነገሩ አያስጽፉ፤ በስልክም አልቀበልም። በግራ እጅዎ ይጻፉ። የፈለገውን ያህል ይጣመም፣ እኔ አነብበዋለሁ።

ታናሽ ወንድምዎ
ኪዳነ ወልድ
ሲያትል፣ መጋቢት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.