የሾፌር ልጅ

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ፤

አባባ፣ እንደምን ሰነበቱልኝ? ጉልበትዎ ተሻለዎት ወይስ አሁንም ደረጃ ሲወጡ ይቆረጥምዎታል? ዓይንዎስ? ይህን የምታነብልዎት ታናሽ እህቴ እንደ ልማዷ መስመር እየዘለለች እንዳትሸውድዎት፤ የዛሬው ወሬ የሚዘለል አይደለም። እኔ ደህና ነኝ፤ እንዲያውም ከደህናም በላይ ነኝ። ምክንያቱን ይስሙ።

አማቴን መቼም አይረሷቸውም። ጋብቻችን በተነሳ ጊዜ «ልጄ የሾፌር ልጅ ሊያገባ?» ብለው ያኮረፉት እሳቸው ናቸው። ያቺ ቃል እርስዎን ምን ያህል እንዳስከፋችዎት አውቃለሁ፤ በእኔም ልብ እንደ እሾህ ተሰክታ ኖራለች።

ባለፈው ሳምንት ታዲያ ከሜዳው ማዶ የምትኖረው ሴት ልጃቸው ቀኗ ሳይደርስ ምጥ ምጥ አላት። የመጀመሪያ ልጇ ነው፤ ሐኪሙ «ከነገ አያልፍም» ሲላት፣ እናቴ ካልመጣች ብላ ለቅሶ ጀመረች። አውቶቡሱ በዋዜማው ሄዷል። ባለቤቴ ደግሞ መጋረጃ ሊሰቅል ወንበር ላይ ወጥቶ፣ መጋረጃው ተሰቅሎ እሱ ወድቆ፣ ክንዱ በጀሶ ታስሯል። ስለዚህ ቁልፉን ያነሳሁት እኔ ነኝ። አማቴ «በእሷ መሪ ያን ሁሉ ምድረ በዳ?» ብለው አንገራገሩ፤ ግን የእናት ሆድ አይችልምና ከኋላ ወንበር ገቡ።

ከመነሳቴ በፊት እንደ እርስዎ ጎማዎቹን በእግሬ እየመታሁ ዞርኩ። ባለቤቴ ከፊት፣ ከሾፌሩ ጎን ተቀምጦ «ጎማው ምን በደለሽ?» እያለ ሳቀብኝ።

ከዚያ በኋላ ሜዳ ብቻ ሆነ። እንዲህ ያለ ሜዳ አይተው አያውቁም ልል ነበር፤ እርስዎ ያላዩት መንገድ የት ይገኛል! ዛፍ የለ፣ ቤት የለ፤ ብንሄድ ብንሄድ እዚያው የቆምን ይመስላል። አማቴ የበሩን እጀታ ጨብጠው ጸሎታቸውን ያነበንባሉ።

ቀትር ላይ የሞተሩ ሙቀት መለኪያ ወደ ቀዩ መውጣት ጀመረ። ባለቤቴ «አቁሚ፣ የራዲያተሩን ክዳን ልክፈተው» አለ፤ ያውም በአንድ እጁ! «ፊትህንም ልትቀቅለው ነው?» አልኩት። ምክርዎ ትዝ አለኝ፤ ሞተር ሲግል የመኪናውን ማሞቂያ ክፈቺ፣ ሙቀቱን ከሞተሩ ወደ ራስሽ ሳቢው ይሉኝ አልነበር? ከፈትኩት። በዚያ ሐሩር ላይ እሳት የመሰለ ነፋስ ለቀቀብን። አማቴ «አብዳለች! በቁማችን ልትጠብሰን ነው!» ብለው ጮኹ። እኔ መስኮቱን ሁሉ አስከፍቼ፣ ላቤ ዓይኔ ውስጥ እየገባ፣ ቀስ ብዬ ነዳሁ። መርፌዋ ቆመች፤ ትንሽ ቆይታም ወረደች።

አንድ ድልድይ ጥላ ሥር ስንደርስ አቆምኩ። ሞተሩ እስኪበርድ ጠብቄ ውሃ ሞላሁበት፣ ላልቶ ያንጠባጥብ የነበረውን ቱቦም አጠበቅሁት። ቀና ስል አማቴ አጠገቤ ቆመዋል። በሻሻቸው ግንባሬን ጠረጉልኝ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ገባን። ልጅቷ እናቷን ስታይ ምጡን እንኳ የረሳች መሰለች፤ ሲነጋ ሴት ልጅ በሰላም ተገላገለች። ጎረቤቱ ተሰብስቦ «ለመሆኑ ማን አመጣችሁ?» ቢላቸው አማቴ ደረታቸውን ነፍተው «ምራቴ ናታ! ምን ይገርማችኋል? የሾፌር ልጅ እኮ ናት!» አሉ። ያችኑ ቃል፣ አባባ። ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ፤ በእርስዎ እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም።

እማማን ጉልበቷን ይሳሙልኝ። ወንድሜን፣ መንጃ ፈቃድ ካወጣ በኋላ እንወዳደራለን ይበሉት። አንባቢዋን እህቴንም ይሳሙልኝ። ግቢ ውስጥ የቆመችውን አሮጌ መኪናዎንም ጎማዋን አንዴ መታ ያድርጉልኝ።

አማቴም «አባትሽን እጅ ነሳሁ በይልኝ» ብለዋል። ስንመለስ ከኋላ አልቀመጥም፣ ከሾፌሯ ጎን ነው ብለው ልጃቸውን ከወዲሁ ከወንበሩ አስነስተውታል።

የሾፌሩ ልጅ
ከሜዳው ማዶ፣ ግንቦት ፱ ቀን