ፀረ አናርኪስት ማለት

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9 ቀን 2001 ዓ.ም.
ደመና ነው፣ አልዘነበም። አስቴር፣ ወርቅነሽ፣ ሙዝ ሻጮች ሁላችንም ነበርን። የገበያው አስተባባሪ ወረቀት አደለን። «የፀረ አናርኪስት ነጋዴዎች አቋም» ይላል። ከሥሩ፣ ያለ ፈቃድ ቦታ የያዙ ይነሱ ይላል። አስቴርን ማለቱ ነው። ባሏ ሞቶባት ከካምባ ስትመጣ ቦታ የሰጠናት እኛው ነን። ያኔ ሽማግሌዎች ዱቡሻ በሚሉት የሸንጎ ሜዳ ላይ እንደሚያደርጉት ክብ ሠርተን ተቀመጥን፤ የሚቃወም እስኪጠፋ በተራ ተነጋገርን። አስተባባሪውን አላስፈቀድንም። ጥፋታችን ይኸው ነው።
«እስከ ዓርብ ያልፈረመች ራሷም አናርኪስት ናት» አለ አስተባባሪው።
ወርቅነሽ፣ ብሔሯን የጠየቃት ይመስል፣ «እኔ እንኳ ወላይታ ነኝ» አለችው። ሳቅን። እሱ አልሳቀም።

ረቡዕ
ቃሉ አልለቀቀኝም። ፊደል የለየሁት ስኳር ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ነው፤ ያልገባኝን ቃል ሳልጠይቅ አላልፍም። ጡረታ የወጡት መምህር፣ ጋሼ ታደሰ ቤት ሄድኩ።
«ፀረ የግዕዝ ነው፤ ፀር ጠላት ነው። ሌላው ከግሪክ የመጣ ነው። አን ማለት ያለ፣ አርኮስ ማለት ገዥ።»
«ሥርዓት የለሽ ማለት አይደለም?»
«እሱን በኋላ የጫኑበት ነው።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «በደርግ ጊዜ አናርኪስት የተባለ ቤቱ አይመለስም ነበር። ወንድሜን እንዲህ ብለው ነው የወሰዱት። ተጠንቀቂ እህቴ።»
ፈርቼ ሄጄ ተናድጄ ተመለስኩ።

ሐሙስ
ባልፈርም መደቤን እነጠቃለሁ። ሌላ ሥራ አላውቅም። ስጽፈው የሚቀልል መስሎኝ ነበር፤ ያው ነው።
አስቴር «ፈርሚ እትዬ፣ እኔ ካምባ እመለሳለሁ» አለችኝ።
«ማን ጋ?»
ጎንበስ ብላ ሙዟን መቁጠር ጀመረች።
የቃሉን ትርጉም ለሴቶቹ ነገርኳቸው። ወርቅነሽ «ዱቡሻ የወንዶች ነው ሲሉን ዝም አልን። የራሳችንን ስናበጅ አናርኪስት ሆንን?» አለች። ከሴቶቹ አራቱ ግን እንፈርማለን አሉ። ልጆች አሏቸው፣ አልተቀየምኳቸውም።

ዓርብ
አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ገበያ ደረስኩ። ሙዜን ዘረጋሁ። አስቴር ልትቀር ነበር፤ ቤቷ ሄጄ ይዣት መጣሁ። ሁለት ሰዓት ላይ አስተባባሪው መጣ። ወረቀቱን ሳልፈርም መለስኩለት።
«የማንም ፀር ነኝ ብዬ አልፈርምም» አልኩ።
«ከማን ጋር እንደምታወሪ ታውቂያለሽ?»
«አውቃለሁ። ይቀመጡና በተራዎ ይናገሩ።» ባዶ ሣጥን ገፋሁለት።
አልተቀመጠም። ወርቅነሽም ወረቀቷን ሰጠችው፣ ሳትፈርም። ከአራቱ አንዷ የራሷን ወረቀት ሳትሰጠው ከኋላዋ ደበቀች። «ሰኞ ከእነማን ጋር እንደምመጣ ታያላችሁ» ብሎ ሄደ። ገዢ እንዲያየው የአስቴርን ሙዝ ወደ መንገዱ አስጠግቼ ደረደርኩላት።