የሌላዋ ሰብሪያ ወረቀት

ጥቅምት 8

ዛሬም ታይፎይድ ነው ተባልኩ። በዚህ ዓመት ሦስተኛዬ። እዚያ ክሊኒክ ጥርሱን ያመመውም ወገቡን ያመመውም ታይፎይድ ይዞ ነው የሚወጣው።

ሰውዬው ከወረቀቱ ቀና አላለም። ምንድነው የሚያምዎት? አንገቴ ላይ እብጠት አለ፣ ስውጥ ይሰማኛል። ደም ይስጡ። ሰጠሁ። ታይፎይድ።

አንገቴስ? ብዬ አልጠየቅኩም። ለምን? የስምንት ሰዓት ክፍል ነበረኝ... ውሸት። አፍሬ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ "ያልገባችሁን ጠይቁ" እያልኩ ሒሳብ ያስተማርኩ ሴትዮ ኪኒኔን በፌስታል ይዤ ወጣሁ።

ጥቅምት 11

ሀቢቡላህ አንገቴን በጣቱ ነካ ነካ አደረገው። ባሌ ልጆች ቁርአን ያቀራል እንጂ ሐኪም አይደለም።

"ታይፎይድ አንገት ላይ ነው እንዴ የሚወጣው?" አለኝ።

እስከ ዛሬ ስለዚህ አንገት የተጠየቀ የመጀመሪያው ደህና ጥያቄ። የማርመው ፈተና አለኝ አልኩት። "ፈተናው የትም አይሄድ። ሆስፒታል ሂጂ" ብሎ ወደ ልጆቹ ወጣ።

ጥቅምት 15

ሄድኩ። ዶክተር ትህትና ትባላለች። ልጅ እግር ናት፣ አስተምሬያት ይሆን እያልኩ ፊቷን ሳጣራ ቆየሁ። ውሃ አስዋጠችኝ፤ እየዋጥኩ አንገቴን በሁለት እጇ ዳሰሰችው።

"እንቅርት በእኛ አገር ብዙ ሰው አለበት፣ አብዛኛው ክፉ አይደለም። የእርስዎ ግን በቀኝ በኩል ጠንከር ይላል። ደሴ ሄደው በመርፌ ናሙና ይውሰዱልዎት።"

ስትናገር ዓይን ዓይኔን እያየች ነው። እንዲህ የሚያየኝ ሐኪም ስለማላውቅ የምትሸጥልኝ ነገር ያላት መሰለኝ።

ጥቅምት 24

ደሴ። መንገዱ ተከፈተ በተባለ ማግስት ነው የሄድኩት።

የግል ላቦራቶሪ ነው። መርፌውን የያዘው ሰው ስልኩን በትከሻውና በጆሮው መሀል ወትፎ ስለ ቤቱ ቆርቆሮ ያወራል። መርፌው አንገቴ ውስጥ ነው። "አትነቃነቂ፣ አሁን ጨርስ" አለ። የመጀመሪያው ለእኔ ሁለተኛው ለቆርቆሮ ሠራተኛው መሆኑ ነው።

አሁንም ምንም አላልኩም።

ኅዳር 5

ውጤት መጣ። በእንግሊዝኛ። ወደ አማርኛ ሲመለስ ይሄው ነው፦ ናሙናው ለምርመራ በቂ አይደለም፤ ከታካሚዋ ሁኔታ ጋር ተገናዝቦ ይታይ።

የእኔም ተማሪዎች መልሱ ሲጠፋቸው እንዲህ ይጽፋሉ። "እንደ ሁኔታው ይለያያል።" ዜሮ ነው የምሰጣቸው።

ባዮሎጂ የምታስተምረውን ብርሀንነሽን አሳየኋት። "ምንም የለም ማለት ነው፣ ቢኖር ያገኙት ነበር።" ባሏ ከጎኗ ሆኖ "አለ ማለት ነው፣ ላያስደነግጧት ነው" አለ። እዚያው በፊቴ ተጨቃጨቁ። አንገቴን ለሁለት ትቼላቸው ወጣሁ።

ኅዳር 6

ጥያቄዎቼን በወረቀት ጽፌ ዶክተር ትህትና ዘንድ ሄድኩ።

"በቂ አይደለም ማለት አላወቅንም ማለት ነው" አለች። "አለም የለምም አይባልበትም። ይደገማል።"

"በቂ አይደለም" ማለት ይቺ ናት? አዎ ይቺው ናት። አንድ ሌሊት ሙሉ እንቅልፍ ነስታ ያሳደረችኝ።

ኅዳር 13

ሁለተኛው መርፌ። ቆርቆሮው አልቆ አሁን በር ላይ ደርሰዋል።

ኅዳር 23

አልሐምዱሊላህ። ክፉ ነገር አልታየም ይላል! ውጤቱ ከደሴ በሚኒባስ ታሽጎ መጣ። ጥሩውን መስመር አየሁና ሌላውን አላነበብኩም። ሀቢቡላህ አለቀሰ። ከዚያ በግ ይዞ መጣ፣ ጎረቤት ተጠራ፣ ዱዓ ተደረገ። እኔም በደንብ በላሁ። ከጥቅምት ወዲህ ምግብ የጣመኝ ዛሬ ነው።

ኅዳር 24

ወረቀቱን ፋይል ውስጥ ላስቀምጥ ብዬ ከላይ እስከ ታች አነበብኩት።

ሰብሪያ ሙሐመድ ይማም። ዕድሜ 29። አድራሻ አቀስታ።

እኔ ሰብሪያ ሙሐመድ አሊ ነኝ። አርባ ስድስት ዓመቴ ነው። ተወልጄ ያደግኩት መካነ ሰላም ነው።

የጸሐፊው ስህተት ይሆናል... አሥራ ሰባት ዓመት ቀንሶ፣ አያት ለውጦ፣ አገር ለውጦ። ቁጥሩስ? ቁጥሩም የእኔ አይደለም። የሒሳብ መምህር ነኝ፣ ቁጥር ላይ ራሴን ላታልል አልችልም።

ወረቀቱን አጥፌ መጽሐፍ ውስጥ ከተትኩት።

ኅዳር 25

ለማንም አልተናገርኩም። ጎረቤት እንኳን ደስ ያለሽ ሲለኝ አሜን እላለሁ።

ኅዳር 26

ለሀቢቡላህ ነገርኩት። የእሷ ወረቀት እኔ ጋ ከሆነ የእኔው የት ነው ያለው? ሁለት ቀን ሙሉ ይቺን ጥያቄ ስሸሻት ነበር። ለተማሪ ብሰጣት በግማሽ ደቂቃ ይሠራታል።

ሀቢቡላህ ወረቀቱን ተቀብሎ አየው። "በጉን የበላነው በእሷ ስም ነዋ" አለ። ከዚያ "ስልኳ አለ?" አለኝ። ወረቀቱ ላይ ነበር። "ደውዪላት።"

ደወልኩ። ከኋላዋ ሕፃን ያለቅሳል።

"መምህር ሰብሪያ ነኝ፣ ከመካነ ሰላም።"

"እኔም ሰብሪያ ነኝ" አለች፣ ግራ እንደገባት።

"የአንገት ምርመራ ወረቀትሽ ላይ ዕድሜሽ ስንት ይላል?"

"አርባ ስድስት። ተሳስተው ነው ብዬ ተውኩት።" ድምጿ ቀነሰ። "ክፉ ነው ተብያለሁ። ትቆረጫለሽ፣ መድኃኒትም ይሰጥሻል፣ ልጁን ከወዲሁ አስጥዪው አሉኝ። ጡት ካስጣልኩት ስድስት ቀኑ። የሚያለቅሰው እሱ ነው።"

ነገርኳት። ያንቺ እኔ ጋ ነው፣ ክፉ ነገር የለውም አልኳት።

"አልሐም..." አለችና ዋጠችው። ለእኔ ስትል። አይታኝ አታውቅም፣ ምስጋናዋን በአፏ ይዛ ቀረች።

እኔ እኮ ሁለት ቀን አስለቅሻታለሁ። በግ እየበላሁ።

ኅዳር 27

ዶክተር ትህትና ዘንድ። ዝም ብለን ወረቀት እንለዋወጥ? አልኳት።

"አይሆንም። ስም የተሳሳተ ሰው ሌላም ሊሳሳት ይችላል። ላቦራቶሪው መስታወት ላይ ቀብቶ ያስቀመጠው ናሙና ከነቁጥሩ እንደገና ይታይ፣ ከሁለታችሁም አዲስ ይወሰድ። ሌላ ሐኪምም ያንብበው።" ደብዳቤ ጻፈችልኝ። ስልክ ቁጥሯንም ሰጠችኝ። እስኪነጋ እያልኩ እንዳልጨነቅ ነው መሰለኝ።

ሁለት ቀን ደብቄው ነበር ብዬ ነገርኳት። "ዛሬ መጥተዋል" አለች ብቻ።

ታኅሣሥ 2

ወደ ደሴ ስሄድ አቀስታ ላይ ሰብሪያ ልጇን አዝላ ተሳፈረች። ቀጭን ናት፣ ዓይኗ ትልልቅ። "እትዬ ሰብሪያ" አለችኝና እጄን ልትስም ጎንበስ አለች። ከለከልኳት። የሚሳም እጅ የለኝም።

ላቦራቶሪው መስኮት ላይ ሁለታችንም ቆምን።

"ማናችሁ ናችሁ ሰብሪያ?"

"ሁለታችንም።"

ሰውዬው እንደ ቀልደኛ አየን። ወረቀቶቹን አስቀመጥኩለት። አገላበጠ። "ስማችሁ አንድ ነው። ይሄ የእኛ ጥፋት አይደለም።"

"የአባቶቻችን ጥፋት ነው?" አልኩት። "ወሎ ውስጥ ሙሐመድ የሚባል ሰው እንደሚበዛ ማን ይንገራችሁ? ቁጥር የምትለጥፉት ለምንድነው?"

አይቸኩሉ እናቴ ምናምን አለ። እናቱ አይደለሁም፣ ኃላፊውን ጥራልኝ አልኩት። ድምፄ ኮሪደሩን ሞላው። የእኔ ድምፅ መሆኑ ገረመኝ።

ኃላፊው መጣ። የዶክተር ትህትናን ደብዳቤ አነበበ፣ ሁለቱን ካርድ ከመዝገቡ ጋር አስተያየ፣ ላብ አጠመቀው። ይቅርታ ጠየቀ። ለእኔ ብቻ ጠየቀ። ለእሷም በላት አልኩት። ለሕፃኑም ማለት ነበረብኝ፣ አሁን ነው ትዝ ያለኝ።

መርፌው ተደገመ። መርፌ የያዘው ሰው ስልኩን ጠረጴዛው ላይ እንዲያስቀምጥ ነገርኩት። አስቀመጠው። እንዲህ ቀላል ነበር?

ታኅሣሥ 12

የሰብሪያ ንጹሕ ነው። ሁለት ሐኪም አንብቦታል። ልጁ ጡቱን መልሶ ያዘ ብላ ደወለች። እንደ ድሮው አይፈስለትም፣ ግን ይዟል።

የእኔ ካንሰር ሳይሆን አይቀርም ይላል።

ዶክተር ትህትና ወንበሯን ወደ እኔ ሳበች። "ይሄ ዓይነቱ ቀስ ብሎ የሚያድግ ነው። በጊዜ ከወጣ አብዛኛው ሰው ይድናል። አብዛኛው እንጂ ሁሉም አልልዎትም።" ሰባት ጥያቄ ጽፌ ነበር። ሰባቱንም መለሰች፣ አንዱን አላውቅም ብላ ስልክ ደውላ ጠይቃ።

አላለቀስኩም። እቤት እስክደርስ።

"አብሽሪ" አለኝ ሀቢቡላህ። የተማሪዎቼን ፈተና ነጥብ ቁጭ ብሎ ደመረልኝ፣ ግማሹን ተሳስቶ።

ጥር 7

ነገ ቀዶ ሕክምና። የምሽቷ ነርስ ስሜን እስከ አያት ጠየቀችኝና እጄ ላይ ከታሰረው የስም ወረቀት ጋር አስተያየች። ልስማት ምንም አልቀረኝም።

ጥር 12

ወጥቷል። ድምፄ ስለጠፋ ከሀቢቡላህ ጋር በወረቀት እናወራለን። ከተጋባን ጀምሮ እንዲህ ሳያቋርጠኝ ሰምቶኝ አያውቅም።

የካቲት 1

ደሴ። ከቀዶ ሕክምናው የተወሰደው ናሙና ውጤት ደርሷል ተባልኩ። ድምፄ ገና ሹክሹክታ ነው። ሐኪሙ ድምፅሽ ይመለሳል አለኝ፣ መቼ? ስለው ከሁለት እስከ ሦስት ወር አለ። ጻፍኩት።

የላቦራቶሪው መስኮት ላይ ያው ሰውዬ ነው። ወረቀቱን ዘረጋልኝ፣ አልተቀበልኩትም። አንብብልኝ አልኩ። አልሰማኝም። ደገምኩ። አልሰማኝም። በመጨረሻ ከወንበሩ ተነስቶ ጆሮውን በመስኮቱ አወጣ።

"ስም እስከ አያት። ዕድሜ። ቁጥር። ከካርዴ ጋር እያስተያየህ።"

አነበበ። ሁሉም የእኔ ነው። ተቀብዬ የቀረውን ራሴ አነበብኩ። ካንሰር ነበር፣ የእኔው። ዳር ዳሩ ንጹሕ ነው፣ ሙሉ በሙሉ ወጥቷል ይላል። ሙሉ በሙሉ ሲሉ ምን ማለታቸው ነው? ክትትሉስ በስንት ወሩ ነው? ለዶክተር ትህትና ሦስት ጥያቄ ያዝኩ። አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ።

ከኋላዬ የነበሩት ነጠላ የለበሱ ሴትዮ መስኮቱን ያዙ። ይርገዱ ነኝ አሉት። ወረቀቱን ሲዘረጋላቸው እጃቸውን ሰበሰቡ።

"እንደ እሷ አንብብልኝ። እስከ አያቴ።"

ሰውዬው በመስኮቱ አሻግሮ አየኝ። እኔም አየሁት። አነበበላቸው። ከእሳቸው ቀጥሎ ያሉት ሽማግሌም ካርዳቸውን አውጥተው ይዘዋል።

ሰልፉ ላይ አሥራ አንድ ሰው ነበር። የመካነ ሰላሙ መኪና እስኪሞላ እዚያው ቁጭ ብዬ የሁሉንም አያት ስም ሲያነብ ሰማሁ።