ብርቄ የቀረችበት

ታዬ፣ የኔ ሰው፣

ከተለየኸኝ ዓመት ሞላ። ባለፈው እሑድ ተዝካርህን አወጣሁ። ልጃችን ሶስና ግሪንቤልት ቤት ተከራይታ ገብታለች፤ እኔ ያው ሲልቨር ስፕሪንግ ነኝ። ልብሶችህን ሰጥቻለሁ፣ ካፖርትህን ግን አልቻልኩም።

የዛሬው ወሬዬ ስለ አገርህ ልጆች ማኅበር ነው፤ ማኅበር ከተባለ። ካርታውን አሳተሙት። አዎ፣ የአገርህን ቦታዎች ስም አንድ በአንድ የሰበሰብክበትን ያንተን ካርታ።

ስልክህን ድምፅ ማጉያው ላይ አድርገህ አገር ቤት ያሉትን ሽማግሌዎች ስታናግር ስንት ቅዳሜ አጠገብህ ተቀምጬ ሰምቻለሁ። የቦታውን ስም እንዲሁ በደረቁ አትጠይቅም ነበር። ከቤተ ክርስቲያኑ በር ታስነሣቸውና፣ አሁን ቁልቁል ወረድን፣ በቀኝ በኩል ምን አለ ትላለህ። እነሱም ከመደባቸው ሳይነሡ በአፋቸው እየሄዱ አህያ ፈጅን፣ ቆቅ ውሃን፣ ጅብ ማደሪያን ይነግሩሃል። እኔ የሰንጋ ተራዋ ልጅ እንኳ አገርህን ሳላየው መንገዱን ለመድኩት።

እነዚህ ግን አሌክሳንድሪያ ምግብ ቤት ተሰብስበው፣ ክትፎ እየበሉ ስሞቹን አሳመሩልህ። አህያ ፈጅ «የድል ዳገት» ሆነ። የማን ድል? የአህዮቹ? ጅብ ማደሪያን ደግሞ «አንበሳ በር» አሉት። ሰብሳቢው ከዚያ አገር የወጣው ታዝሎ ነው፤ አንበሳውን የት አየው? እሱ አገሩን የሚያውቀው ክራባቱ ላይ ባለው ባንዲራ ነው።

ይህን ሁሉ ስቄ ባለፍኩት። ወንዙ መሻገሪያ ላይ ስደርስ ግን ብርቄ የቀረችበት የለም። ታናሽ እህትህን ጎርፍ የወሰደበት፣ ሬሳዋ ስላልተገኘ አገሬው በመቃብር ፈንታ በስሟ የጠራው መሻገሪያ «አበባ ወንዝ» ተብሏል። ለሰብሳቢው ደወልኩለት። «እትዬ አስካለ፣ ለልጆቻችን ኔጋቲቭ ነገር ከምናወርስ ብለን ቼንጅ አድርገነው ነው» አለኝ። በድምፅ ብልጫ መሆኑ ነው! ግርጌው ላይ ደግሞ ዓይናቸውን በጨው አጥበው «ለታዬ መታሰቢያ» ብለው ጽፈዋል።

ስምህን ከካርታው ላይ ሰርዙልኝ አልኳቸው። ሶስና እንኳ «ማሚ፣ ሌት ኢት ጎ» አለችኝ። አልለቅም አልኩ። ምስጋና ቢስ ተባልኩ፤ ለተዝካርህም ከማኅበሩ አንድ ሰው አልመጣም። ይቅሩ። ምግቡ ለደህና ሰው ተረፈ።

ጸሎቱ ሳይጀመር የክርስትና ስምህን ለቄሱ ሰጠሁና፣ እህቱንም ያስቡልኝ አልኳቸው። የክርስትና ስሟን ጠየቁኝ። አላውቀውም፤ የሚያውቁት ሁሉ ሞተዋል። ማንም ሌላ ስም እንዲያወጣላት ግን አልፈለግኩም። ብርቄ ነው የምትባለው አልኳቸው። ጸሎቱ ላይ ካንተ ቀጥለው ብርቄ ብለው ጠሯት። ዓመቱን ሙሉ እንደዚያ አላለቀስኩም ነበር፣ ታዬ።

በሕይወት እስካለሁ በየዓመቱ ሁለታችሁንም አስጠራለሁ።

ያንተዋ አስካለ