መጋዘኑ የሞላበት ፋሲካ

ሰኞ፣ የሕማማት መጀመሪያ

«ካልሞላ ቆልፈህ፣ ቁልፉን ይዘህ ና።» ሐጂ ከአዲስ አበባ በስልክ መጀመሪያ ያሉኝ ይህን ነው፤ ደህና ዋልህ ወይ እንኳ የለም። ስልክ ቤቱ ውስጥ ከጃንሆይ ፎቶ ሥር ቆሜ «እሺ ሐጂ፣ እሺ» ስል ላቤ ጀርባዬ ላይ ወረደ። ስልከኛው አንገቱን ደፍቶ ያልሰማ መሰለ። ነገ ቢቸና በሙሉ ያወራዋል።

ሐጂ ቆዳ ወደ ውጭ የሚልኩ ነጋዴ ናቸው። እኔ የቢቸናው መጋዘናቸው ጠባቂም ቆዳ መራጭም ነኝ፤ ዘጠኝ ዓመቴ። ዘንድሮ ፈረንጅ ቆዳ መግዛት ቀነሰ አሉኝ። የቀራቸው አንድ ገዥ ነው፣ እሱም በርካሽ። ሁለት መጋዘን ዘግተዋል። የኔው ከፋሲካ በኋላ እስካለው ሐሙስ ከሞላ ካሚዮን ይልካሉ፣ ሥራዬም ይቀጥላል። ካልሞላ በቃ።

ጥፋቱ የኔው ነው። ሁለት ወር ሙሉ ከአዲስ አበባ ድምፅ ሲጠፋ፣ ጾም ነው ብዬ ተዝናንቼ ተቀመጥሁ። በዐቢይ ጾም ማን ያርዳል? ቆዳ የለም፣ ወሬም የለም፤ በየዓመቱ እንዲያ ነው። የዘንድሮው ዝምታ ሌላ ዝምታ መሆኑን ምን አውቄ! እስላሙ ሰውዬ ዓመቴን የምቆጥረው በክርስቲያኑ ጾም መፍቻ ነው። ሥጋቸውን አልቀምስም፣ ልጆቼን የሚያሳድግልኝ ግን ቆዳቸው ነው።

ዛሬ መጋዘኑ ውስጥ ያለው፦ ጨው፣ ብዙ። ቆዳ፣ አንድ ጥግ የማይሞላ። አይጥ፣ ከበቂ በላይ።

ማክሰኞ

ሌሊቱን ሳልተኛ አነጋሁ። ሚስቴ ዘይነባና ልጆቹ ሞጣ ናቸው። ሥራው ከቀረ እኔም ሞጣ ገብቼ ምን ልሆን ነው? የአማቼ የጨርቅ ሱቅ ውስጥ ነዋ! «ሰይድ፣ ያንን ጣቃ አውርደው። ሰይድ፣ ደጁን ጥረግ።» ድምፃቸው ከአሁኑ ይሰማኛል። ሰውዬው ክፉ አይደሉም። ግን ልጃቸውን ሲድሩልኝ «ይህ ቆዳ ቆዳ የሚሸት ልጅ ምን ያበላታል?» ብለው ነበር። አልረሳሁትም።

ለዘይነባ ምንም አልጻፍሁላት። ምን ብዬ?

ጨው የሚነሰንስልኝ ይመር ሁሉንም ነገር ሰምቷል። (ስልከኛው!) «አይዞህ፣ ከተዘጋ እኔና አንተ ጨው እየላስን እንኖራለን» አለኝ። ሳልወድ ሳቅሁ።

ሐሙስ

መምህር አለሙ መጣ። የትምህርት ቤቱ መምህር ነው፣ ጎረቤቴ ነው፣ ራዲዮ አለው። ራዲዮ ስላለው ሁሉን ያውቃል። የንግዱ መቀዝቀዝ ለጊዜው ነው ተብሏል አለኝ። አገሪቱ ቡና አላት፣ ቆዳ አላት፣ ኑግና ሰሊጥ አላት፣ ምን ትሆናለች?

«ይህ ሁሉ ያለው ሰው ገዥ ሲያጣስ?» አልሁት።

«ሌላ ገዥ ይመጣል።»

«ፈረንጅ ጫማ መግዛት ቢተውስ?»

«ኧረ ባክህ ሰይድ፣ ፈረንጅ በባዶ እግሩ ሊሄድ ነው?» ብሎ ሳቀብኝ።

ኑጉ ግን በየጎተራው እንደተቀመጠ ነው። ከኅዳር ጀምሮ ከላይ አገር የሚመጡት ነጋዴዎች ዘንድሮ አልመጡም። ገበሬው እጁ ላይ ብር የለም፣ ግብር ደግሞ ደርሷል። በሬ የሚሸጥ እንጂ በሬ የሚገዛ የለም። ይህን ለማወቅ ራዲዮ አያስፈልግም፤ ገበያ ወጥቶ ማየት ይበቃል። ለአለሙ ይህን ስለው «አንተ ጨለምተኛ ነህ» አለኝ። ሊሆን ይችላል።

አርብ፣ ስቅለት

ከተማው በሙሉ ቤተ ክርስቲያን ሲሰግድ ዋለ። እኔም ጁምዓዬን ሰገድሁ። እነሱ ምን እንደለመኑ አላውቅም። እኔ የለመንሁት ከብት በብዛት እንዲታረድ ነው። ለምኜ ስጨርስ አፈርሁ።

ቅዳሜ

ዛሬ የሠራሁትን ልጻፈው።

ገበያ ወጣሁ። የከብቱ ሜዳ ጢም ብሏል፤ ሻጭ ብቻ። አያ ታፈረን አገኘኋቸው፤ ከወንዙ ማዶ ያሉ ገበሬ ናቸው፣ ዘጠኙን ዓመት ሙሉ በየፋሲካው ቆዳ ያመጡልኛል። የበሬያቸውን ገመድ ይዘው ፀሐይ ላይ ቆመዋል። ሦስተኛ ገበያቸው ነው። ዋጋ የጠራ ሰው እንኳ የለም አሉኝ።

«ይረዱትና ሥጋውን ለቅርጫ ያከፋፍሉት እንጂ» አልኋቸው። «ቆዳውን እኔ አለሁ፣ በእጅ በእጁ እገዛለሁ።»

«ርግጠኛ ነህ፣ ሰይዴ? ትገዛለህ?»

«ወላሂ እገዛለሁ።»

ከዚያማ ማን ያቁመኝ! ከአንዱ ወደ አንዱ እየሄድሁ አንድ ሠላሳ ለሚሆን ሰው ይህንኑ ነገርሁ። አፌ እንደ ደላላ ተፈታ። አሮጌውን፣ ከእርሻ የወጣውን፣ ለመሸጥ የቀለቡትን ያርዳሉ ብዬ ነው። እንዲያ ነበር ያሰብሁት። ስመለስ ደስ ብሎኝ ነበር፣ ይመርን ቢላዎቹን ሳልልኝ አልሁት።

እሑድ፣ ፋሲካ

ጠዋት በሩን ስከፍት ሰዎች ቆዳ ተሸክመው ቆመዋል። ገና ይሞቃል፣ ይተናል። እኔና ይመር ቀኑን ሙሉ ስንዘረጋ፣ ጨው ስንነሰንስ ዋልን። ምሳም አልበላሁ። ስንት ፋሲካ አሳልፌያለሁ፣ እንዲህ አይቼ አላውቅም።

ከተማው ፍንደቃ ላይ ነው። ቅርጫ ረክሷል። በግ ገዝቶ የማያውቅ ድኻ ሁሉ ዘንድሮ የበሬ ሥጋ በላ። መምህር አለሙ ነጭ ለብሶ፣ ፊቱ በርቶ መጣ። «እንኳን አደረሰህ» አልሁት። «አየህ? አላልሁህም? ይህ ነው ድኽነት? ሕዝቡ ሥጋ ጠግቦ!» አለኝ። ቆዳውን ሳይ እኔም ሳላምነው አልቀረሁም። ክምሩ ከወገቤ በላይ ነው። ዘይነባ፣ አማችሽን ልታሳፍሪልኝ ነው ብዬ ለራሴ አወራሁ። አማቿ አይደሉም፣ አባቷ ናቸው። ድካሙ ነው።

ሰኞ

ዛሬ ትላንት በችኮላ ያልመረጥኋቸውን ልመርጥ ዘረጋሁ።

ቆዳ ሲዘረጋልኝ ከብቱ እንዴት እንደኖረ አውቃለሁ። መዥገር የበላውን፣ እሾህ የቧጨረውን፣ ጅብ የሞከረውን አውቃለሁ። ከእርሻ ወጥቶ የተቀለበ በሬ ጫንቃው ላይ ያለው የቀንበር ጠባሳ የደረቀ ነው፣ ጠጉር እንኳ መልሶ ያበቅላል። የመጀመሪያውን ዘረጋሁ፤ ጫንቃው ላይ ትኩስ ቁስል። ከሳምንት በፊት ሲያርስ የነበረ ነው። ሁለተኛውን ዘረጋሁ፣ እንደዚያው። ሦስተኛው ወጣት በሬ ነው፣ ገና አራት አምስት ክረምት ሊያርስ የሚችል።

ይመርን ጠራሁት። «እስቲ አንተ እየው፣ ዓይኔ ነው?»

አጎንብሶ ጫንቃውን በእጁ ዳሰሰና «ዓይንህ አይደለም» አለ።

እስከ ማታ ከዘረጋነው ሁሉ ከአራቱ ሦስቱ የጥማድ በሬ ነው።

ማክሰኞ

ከግንደወይን ድረስ ቆዳ በአህያ መጣ። የቢቸናው ሰይድ በእጅ በእጁ ይገዛል ተብሎ ተወርቷል። ያወራሁት እኔ ነኝ።

ከቀትር በኋላ አያ ታፈረ መጡ። ሁለት ቆዳ። አንዱን ዘረጋሁ፣ ሌላውን ዘረጋሁ። የሁለቱም ጫንቃ ቀይ ነው።

«አያ ታፈረ፣ ሁለቱንም አረዷቸው?»

«ምን ላድርግ ብለህ ነው? የመጀመሪያውን ያው አንተው እንዳልኸው አረድሁት። ሥጋው ያወጣው ግብሩን አልሸፈነም። ሌላው ብቻውን ቀረ። አንድ በሬ ብቻውን አይጠመድ! የሚያቀናጀኝም ጠፋ፤ ጎረቤቱ ሁሉ አርዷል። ታዲያ ሣር ላበላው ነው?»

«ክረምት ምን ሊሆኑ ነው?» አልሁ። ባልጠይቅ ይሻል ነበር።

«እሱ ያውቃል» አሉ፣ ወደ ላይም ሳያዩ። ቀጥለው ድምፃቸውን ቀነስ አድርገው፣ «ትገዛለህ አይደል? ብለህ ነበር» አሉኝ።

ገዛሁ። ቁስለኛ ጫንቃ ደረጃው ዝቅተኛ ነው፤ በአንደኛ ደረጃ ዋጋ ገዛሁት። ምን ይጠቅማቸዋል? ምንም። እኔን ግን ለጥቂት ጊዜ አስተነፈሰኝ። ሲሄዱ እግዜር ይስጥህ ብለውኝ ሄዱ፣ እሱ ነው የገደለኝ።

ለመምህር አለሙ ነገርሁት። እዚህ አገር ጤፉም ኑጉም ከብቱም በበሬ ጫንቃ ነው የሚመጣው፣ እሱ ከታረደ በሐምሌ ማን ያርሳል? ንግዱ ሊቀዘቅዝ ነው ወይ እያላችሁ ትከራከራላችሁ፣ ቀዝቅዞ አልቋል፣ የበላችሁት ሥጋ እሱ ነው አልሁት። ትንሽ ጮኽሁበት መሰለኝ። «እኔም ሦስት መደብ ቅርጫ ገብቻለሁ» አለ። ራዲዮውንም አልከፈተ።

ሐሙስ

ሞላ። እስከ ማገሩ።

በሩ አጠገብ ቆሜ አየሁት። ባለፈው ሳምንት ሰኞ ይህን ባይ ኖሮ እጨፍር ነበር።

ስልክ ቤት ሄድሁ። «ሐጂ፣ ሞልቷል» አልሁ።

«ማሻ አላህ! ማሻ አላህ ሰይድ! እኔስ አውቃለሁ፣ ጎጃም አያሳፍረኝም። እዚህ ንግድ ሞተ፣ አገር ጠፋ የሚሉኝን ሁሉ ቢቸናን እዩ ነው የምላቸው።»

«ሐጂ፣ የታረደው የጥማድ በሬ ነው» አልኋቸው። «ከአራት ቆዳ ሦስቱ ትላንት ቀንበር ላይ የነበረ ነው። በክረምት የሚያርስ አይኖርም። ለመጪው ዓመት እህልም ቆዳም…»

መስመሩ የተቆረጠ መስሎኝ «ሃሎ፣ ሃሎ» አልሁ።

«አለሁ። ደረጃው ይወርዳል?» አሉኝ።

«ጫንቃው ላይ ብቻ ነው፣ ቁስሉ።»

«በል እንግዲያ ጫንቃውን ቆርጠህ ጣለውና ላከው። ለመስቀል ደግሞ የዚህን እጥፍ ነው የምጠብቀው።»

እሺ አልሁ። ሁልጊዜም እሺ ነው የምለው።

አርብ

ቀኑን ሙሉ ጫንቃ ስንቆርጥ ዋልን። እኔ እይዛለሁ፣ ይመር ይቆርጣል። ሲደክመው እሱ ይይዛል። ከጓሮ ጉድጓድ ቆፍረን የተቆረጠውን ቀበርነው፤ ክምሩ ከጠበቅነው በለጠ፣ ጉድጓዱን ሁለቴ አሰፋነው። የተረፈው ቆዳ ንጹሕ ነው። አዲስ አበባ የሚያየው ሰው የጠገበ አገር ቆዳ ነው ይላል።

ቅዳሜ

ካሚዮኑ ጠዋት መጣ፣ ከቀትር በፊት ተጫነ። ሾፌሩ እያፏጨ «ሌላው አገር ባዶ ነው ጌታው፣ እናንተ ጋ ምን ተገኘ?» ይለኛል። ቆዳ ነዋ አልሁት።

ሊነሳ ሲል አያ ታፈረ መጡ። ጋቢ፣ ዱላ፣ አንዲት የስንቅ ከረጢት። ከኋላቸው ሚስታቸው ቆመዋል፣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው።

«ሰይዴ፣ ለሾፌሩ ንገርልኝ። ከላይ ቦታ ካለ። አዲስ አበባ የቀን ሥራ አይጠፋም ይሉናል።»

«ማን ዘንድ ይገባሉ?»

«ማንም የለኝ።»

ለሾፌሩ ነገርሁት። እንደ አባቴ ናቸው አልሁት። ትከሻዬን ረግጠው ወጡ፤ በዚህ ዕድሜያቸው። ቆዳው ላይ ጋቢያቸውን አነጠፉና ተቀመጡ። የራሳቸው ሁለቱ ከላይኛው ድርብ ውስጥ እንዳሉ አውቃለሁ፣ የጫንኋቸው እኔ ነኝ። እሳቸው አላወቁም። ወይም አውቀዋል፣ ምን ይላሉ? ካሚዮኑ ሲነሳ እጃቸውን ከፍ አደረጉልኝ። ሚስታቸው አቧራው እስኪጠፋ አልተንቀሳቀሱም፤ እኔ ግን ገባሁ።

አሁን ለዘይነባ ጻፍሁላት። ነገ ሞጣ ለሚሄድ ነጋዴ እሰጠዋለሁ።

«መጋዘኑ ሞልቷል፣ ሥራዬ አልተዘጋም። ለአባትሽ ንገሪያቸው። አንቺ ግን ይህ ደብዳቤ እንደደረሰሽ፣ የጆሮሽንም ወርቅ ቢሆን ሽጠሽ፣ የምታገኚውን ጤፍና በቆሎ ሁሉ ግዢና አስገቢ። ሳይወደድ አሁኑኑ። ለጎረቤት ምክንያቱን እንዳትነግሪ።»

የመጨረሻውን መስመር ልሰርዘው ብዕሩን አነሳሁ። ይህን ያህል ሰው በሬውን እንዲያርድ የነገርሁ ሰውዬ፣ እህል ግዙ ማለት ግን ከበደኝ። ሁሉም ከሰማ ለልጆቼ አይተርፍም።

ሳልሰርዘው አጠፍሁት።