አንቀልባውንም ሊወስዱት ነው

ብርቄ ሆዴ፣

ከተለየሽኝ ሰባት ወር ሆነ፤ የልጃችን የምትኬም ዕድሜ ያው ሰባት ወር ነው። ስሟን ያወጡት እናትሽ ናቸው። እኔ አልወደድኩትም፤ ማን የማን ምትክ ይሆናል? ለሰው ሁሉ ደህና ነኝ እላለሁ። ላንቺ ግን ምን ብዬ ልዋሽ፣ ደህና አይደለሁም።

ልብስ አጣጠባችን ትዝ ይልሻል? እኔ በር ዘግቼ አጥባለሁ፣ አንቺ ደጅ ወጥተሽ ታሰጫለሽ። ባሏን ታሳጥባለች ብለው እንዳያሙሽ ነበር። አሁን የሕፃኗን ጨርቅ እኔው አጥቤ እኔው አጥር ላይ አሰጣለሁ። የንፋስ መውጫን ንፋስ መቼም ታውቂዋለሽ፤ የጎረቤት ግቢ እየጣለብኝ ስለቅም እውላለሁ። መጀመሪያ ሳቁብኝ፤ አሁን ከንፈር ይመጡልኛል። ሳቁ ይሻለኝ ነበር።

ቢሮ የወሊድ ፈቃድ ብጠይቅ የእናት ነው አሉኝ። እናቲቱማ የለችም ብላቸው፣ ለአባት የምትሰጠዋን ጥቂት ቀን ለቅሶ ላይ ጨርሰሃል አሉኝ። ያንቺ ፈቃድ አብሮሽ ተቀበረ ማለት ነው። ሞግዚት ባመጣ ሚስት በሌለበት ቤት አላድርም ብላ ሄደች። ምን ላድርግ፣ አዝያት ሥራ መግባት ጀመርኩ። እናትሽ ከወገዳ ያመጡልሽ አንቀልባ ለሴት ወገብ የተሰፋ ነው፤ ማሰሪያው አልደርስ ቢለኝ ገበያ ጨርቅ የምትሸጠው ዘሃራ ቁራጭ ቀጥላ አስተሳሰሩን አሳየችኝ። ጋቢ ደርቤባት ስሄድ መንገደኞች እህል ወፍጮ የምወስድ መስሏቸው፣ እህሉ ሲያለቅስ ደነገጡ። አንቺ ብታዪ በሳቅ ትፈርሺ ነበር።

አሁን ጀርባዬ ላይ ካልሆነች እንቅልፍ አይወስዳትም። አለቃዬ ግን ባለጉዳይ ፊት ነውር ነው፣ ሴቶቹ እንኳ ልጅ ይዘው አይመጡም አለኝ። ሴቶቹንም የሚከለክላቸው እሱ ራሱ ነው!

እሁድ ዕለት እናትሽ ሽማግሌ ይዘው መጡ። ሴት ልጅ በወንድ እጅ አታድግም አሉ። አሳድጋለሁ ብዬ ወደ አባቴ ብዞር፣ እሳቸውም መሬት መሬት ያያሉ። ሥራ ብተው የምንበላው የለን፤ ሥራ ብይዝ የሚይዛት የለ። እናትሽ ክፉ ቢሆኑ ኖሮ በተጣላኋቸው፤ ግን አንቺን ያሳደጉ ናቸው። እሺ አልኩ። ነገ ከነአንቀልባዋ ወደ ወገዳ ይወስዷታል።

ስታድግ አባትሽ ሰጠን ይሏታል እንጂ አዝሎሽ ነበር የሚላት አይኖርም። እኔ ግን አንቺንም፣ ጀርባዬ ላይ የነበረውን ሙቀቷንም እስክሞት አልረሳም።

ዛሬ ልብሷን ሁሉ አጠብኩላት። እናትሽ እርጥብ ልብስ ይዤ አልሄድም፣ ካልደረቀ ነገንም እናድራለን ብለዋል። ጠዋት ሰማዩ ሲጠቁር ደስ ብሎኝ ነበር። አሁን ግን ንፋሱ ተነስቷል፣ ብርቄ፤ ልብሷ እየደረቀ ነው።